እኔንም ቅጡኝ ያልኩ ቀን

በጣሊያን ጊዜ ደሴ ውስጥ እንደ እኔ ኮት የሚሰፋ አልነበረም። ለጉራ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። ከየመን ባሕር ተሻግሬ ስመጣ የማውቀው ሸክም ብቻ ነበር። ስፌት ያስተማረኝ የለም፤ አንድ አሮጌ ኮት ክሩን ተርትሬ በታተንኩትና መልሼ ሰፋሁት። አማርኛውንም ከነፊደሉ ብቻዬን ነው የተማርኩት።

አንድ ቀን አረብኛ የሚናገር ፈረንጅ መንገደኛ ሱቄ መጣ። ከአገራቸው ወጥተው እዚህ የሰፈሩ ሰዎች ኑሮን እንዴት እንደ አዲስ እንደጀመሩ እያየ የሚዞር ሰው ነው። ኮምቦልቻ ያሉትን አረብ ነጋዴዎች አሳየኝ ብሎ ለመነኝ። በማግስቱ በጭነት መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ከሱቅ ሱቅ ስንል ዋልን። ሁሉንም “ወደ አገርህ መቼ ትመለሳለህ?” ይላል። እኔንም ጠየቀኝ።

“አገሬ ደሴ ነው” አልኩት።

ሳቀብኝ። ያ ሳቅ አንገበገበኝ።

አመሻሽ ላይ ስንመለስ ግድግዳ የምንጋራቸው ሽማግሌ ጎረቤቴ ሞተው፣ ተቀብረውም ደረስኩ። ሰፈራችን ቅሬ አለው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሟቹን አብሮ የሚቀብርበት ማኅበር ነው። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ሰንበት ብሎ የቀሩት ሁሉ ለቅጣት ወደ ሟቹ ደጅ ተጠሩ። እኔን የጠራኝ የለም።

ሌላው ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን ተቃጠልኩ። አለመቅጣታቸው እስከዚያ ቀን እንደ ሰፈሩ ሰው ሳይቆጥሩኝ መኖራቸው ነው። ታዲያ እኔ ስሞት ማን ይሸከመኛል? ሱቄን ዘጋሁና ገና ከደሴ ያልወጣውን ፈረንጅ አስከትዬ ሄድኩ።

“እኔም ቀርቻለሁ፤ ቅጡኝ” አልኩ።

የቅሬው ዳኛ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። “አብሽር ልጄ፣ አንተ እንግዳ ነህ። እንግዳ አይቀጣም” አሉኝ።

“እርስዎስ ከኩታበር አይደል የመጡት?”

“እዚህ አጠገባችን ያለው ኩታበርና የመን አንድ ነው እንዴ?”

“የኔ መንገድ ረዘመ እንጂ፣ አባቴ፣ ሁለታችንም መጥተን ነው።”

ከተቀጪዎቹ አንዱ “አረቡ ቅጣት አማረው! የኔንም ደርበህ ውሰድልኝ!” ሲል ሁሉም አውካኩ።

“ሳቁ!” አልኩ። “ክረምቱን ሙሉ እዚያ ጭቃ ውስጥ መቃብር ስቆፍር እንግዳ ነበርኩ? ሬሳ ስሸከም ማን እንግዳ አለኝ? ወላሂ፣ ካልቀጣችሁኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!”

ሳቁ ቆመ። ዳኛው ትክ ብለው አዩኝና ሌሎቹን በጠየቁበት ድምፅ “ለምን ቀረህ?” አሉኝ።

“ኮምቦልቻ ወርጄ ነው።”

“ኮምቦልቻ ሰበብ አይሆንም። ለሟቹ ሰደቃ ድግስ እንጨት ትፈልጣለህ። ደግሞ ስለደፈርከኝ ውሃውንም ትቀዳለህ።”

ፈረንጁ ክንዴን ያዘኝ። “ምን አጠፋህ? ለምን ይቀጡሃል?”

“የሰፈሩ ሰው ስለሆንኩ ነዋ!” አልኩት። “ስትዞር እንዲህ ያለ አይተህ ታውቃለህ?”

ሆን ብለው ጉጥ የበዛበት የወይራ ግንድ ሰጡኝ። ጉድ እናያለን ብለው ከበቡኝ። መጥረቢያውን አነሳሁ፤ ከተቀጡት ሁሉ ቀድሜ ጨረስኩ። ዛሬም ቢሆን እንደዚያ የሚፈልጥ አላየሁም።