ቅቤ ሻጯ ማናለብሽ ያፈረችበት ሕመም

ማናለብሽ በአገው ምድር፣ በአዲስ ቅዳም ገበያ ቅቤ ትሸጥ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የምትመለሰው። ያን ሁሉ ሰዓት ሽንቷን ይዛ ትውላለች። ወንዶቹ ዛፍ ሥር ዞር ይላሉ፤ ሴት ግን ሰው ሁሉ እያያት የት ትግባ? እንዳይመጣባት ስትል ውሃ እንኳ አትቀምስም።

በ1953 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስድስት ወር ሲሞላት፣ ሽንቷ ያቃጥላት ጀመር። ቶሎ ቶሎ ይመጣባታል፤ ስትቀመጥ ግን ጠብ የሚለው ጥቂት ነው። አማቷ ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ «ፀሐይ ላይ ሸንተሽ ምች መትቶሽ ነው» አሏት። እሷም አምና፣ ቀን ቀን መሽናቱን ጭራሽ ተወችው። ባሏ ስማቸው ከሰው የሰማው ደግሞ ሌላ ነበር።

«ይሄ በሽታ ከሌላ ወንድ ነው የሚመጣ ይላሉ» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።



በሳምንቱ አንቀጠቀጣት፤ ጎኗን ቀስፎ ያዛት። ስማቸው ደንግጦ በበቅሎ ዳንግላ ክሊኒክ ወሰዳት። የክሊኒኩ ጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ አዝመራው፣ በአማርኛ ሲጠይቃት አንገቷን ደፋች። ማፈሯ ገባውና በአፍ መፍቻዋ በአገውኛ አናገራት። ያኔ እያለቀሰች የገበያውን ውሎ ሁሉ ነገረችው።

አዝመራው ባሏን አስጠራው። «ስማኝ ወንድሜ፤ ከፀሐይም ከሌላ ወንድም የመጣ አይደለም። በዓይን የማይታይ ጀርም ከገዛ ገላዋ በሽንት መውጫዋ ገብቶ ነው። የሴት መውጫ አጭር ስለሆነ ቶሎ ይገባል። ውሃ ሳትጠጣ፣ ሽንቷን ይዛ ስትውል ደግሞ ታጥቦ አይወጣም፤ እዚያው ይራባል። ለእርጉዝ ይብሳል፤ ፅንሱ ፊኛዋን ስለሚጫነው ሽንቷ ተሟጦ አይወጣም።»



ድሬሰሩ ሦስት ቀን መርፌ ወግቷት፣ ክኒን አስይዞ ሸኛቸው። በመንገድ ላይ ስማቸው በቅሎዋን እየሳበ፣ «በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አላት።  እሷም፣ «ለገበያ ሴቶች የመሽኛ መከለያ ከሠራህ ይቅር እልሃለሁ» አለችው።

ስማቸው ከእንጅባራ በኩል ቀርከሃ አምጥቶ፣ በገበያው ጥግ ጉድጓድ ቆፍሮ ዙሪያውን አጠረ። መጀመሪያ ተሳቀበት። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ሴቶቹ ወረፋ ይዘው ቆሙ።

ልጅቱ በሰላም ተወለደች። ማናለብሽ እስከ እርጅናዋ ድረስ ቅቤ ሸጠች፤ አዲስ ለመጣች ነጋዴ ሁሉ፣ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ሳትል፣ «ውሃ ጠጪ፤ ሲመጣብሽም አትያዥው» ትላት ነበር።