ስማቸውን በሌላ ስም ያልለወጡት እትዬ ትርፌ

ወይዘሮ ትርፌ ገብሬ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቀራንዮ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን፣ ለሰማችሁም ላልሰማችሁም ወዳጆቻቸው በሐዘን አሳውቃለሁ። ጥቂት ሳምንታት ታመው ነበር፤ ሲያርፉ ልጆቻቸው አጠገባቸው ነበሩ። በማግስቱም በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ተቀብረዋል። እኔ የጎረቤታቸው ልጅ ነኝ። በእሳቸው ፉል አድጌአለሁ፤ ንግድ ሥራ አስተዳደር ተምሬ ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ ወረቀት በመጣ ቁጥር «ነይ አንብቢልኝ» እያሉ የሚጠሩኝ እኔን ነበር።

እትዬ ትርፌ ከጉራጌ አገር ታላቅ ወንድማቸውን ተከትለው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ቀራንዮ መንገድ ዳር ያለችውን ፉል ቤት የከፈቱት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ነው። ስድስት ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ቤት ነች። ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሾፌሩ፣ ተማሪውና የግንባታ ሠራተኛው ደጅ ላይ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። ቆሼ በሚባለው መጣያ ቆሻሻ በመለየት የሚተዳደሩ ሁለት ሴቶች ይመጡ ነበር፤ አንዳንዱ ደንበኛ አፍንጫውን ሲይዝባቸው እትዬ አይተው ከዚያ ቀን ጀምሮ መሐል ላይ ያለውን ጠረጴዛ ሰጧቸው። ያልተመቸው ሰው ቦታ ይቀይር ነበር እንጂ እነሱ አልተነሡም።

ደግ ነበሩ፤ የዋህ ግን አልነበሩም። ባቄላ ሲገዙ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ይከቱና ከሥር ያወጡትን በጥርሳቸው ይሰብራሉ። «ከላይ ያለውን የመረጠው ነጋዴው ነው፤ እኔ የምቀቅለው ግን የሥሩንም ነው» ይሉ ነበር። ሰው አብዝቶ ሲያሞግሳቸው ምን ፈልጎ ነው በሚል ዓይን እጁን ያያሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው የአንድ ምግብ ቤት ድርጅት ወኪል መጣ። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ትሑት ወጣት ነበር። ድርጅቱ ፍራንቻይዝ ይሰጣል፤ ይኸውም አንድ አነስተኛ ነጋዴ በየጊዜው እየከፈለ የድርጅቱን ስም፣ ምልክትና የምግብ አሠራር ወስዶ ቤቱን እንደ ቅርንጫፍ ያሠራል ማለት ነው። ለእትዬ ያቀረበላቸውም ይህንኑ ነበር።

«እማማ፣ ስሙ የታወቀ ነው። ደንበኛ ስሙን ፍለጋ ይመጣልዎታል» አላቸው።

«እስከ ዛሬስ ምን ፍለጋ ነው የመጣው?»

እሱ ሣቀ፤ እሳቸው አልሣቁም። «ከእናንተ ጋር ጀምሮ የተወ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁት።

«አንድም የለም።»

«የሚተው ጠፍቶ ነው ወይስ መውጫው ጠፍቶ?»

ወኪሉ ውሉን አንብበው እንዲያስቡበት ትቶልን ሄደ። ልሸኘው ስወጣ፣ እትዬ ከፈረሙ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅነት ለእኔ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። ተመርቄ ሥራ ካጣሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ይህን ለእትዬ አልነገርኳቸውም።

ከሰዓት በኋላ ውሉን አነበብኩላቸው። ውሉ ካበቃ በኋላ ለሁለት ዓመት በዚያ ቦታ የራሳቸውን ምግብ መሸጥ እንደማይችሉ የሚናገረው አንቀጽ ላይ ስደርስ ፈጠን ብዬ አለፍኩ።

«እሱን መልሺልኝ» አሉኝ። መለስኩላቸው። «ስለዚህ በገዛ ቤቴ ፉል ብቀቅል ጥፋተኛ ነኝ?»

«እትዬ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር የማይገባበት ውል የለም።»

«ነቀዝም የማይገባበት ጆንያ የለም» ብለው ወረቀቱን ተቀበሉኝ።

ወኪሉ ጥሩ የሚሠራ ቅርንጫፍ ላሳያችሁ ብሎ ሲደውል እሺ አላሉትም። «እሱ የመረጠውን ምን አደርገዋለሁ?» አሉና በታክሲ አስኮ ወዳለው ሌላ ቅርንጫፍ ይዘውኝ ሄዱ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። የድርጅቱን ቆብ አድርገዋል። ድርጅቱ የላከን ሰላዮች መስለናቸው ለጠየቅናቸው ሁሉ «ደህና ነው፣ ምንም አይልም» ብቻ ይሉን ጀመር። እትዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ አሳዩአቸው።

«ይሄን ያመጣብኝ ድስት ነው። እኔም እንደ እርስዎ አብስዬ አዳሪ ነኝ» አሏቸው።

መምህሩ ወደ በሩ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘይቱም ዶሮውም ከእነሱ ብቻ ነው የሚገዛው። ሲዘገይብኝ ደንበኛ እመልሳለሁ። በቅርቡ ደግሞ አንድ ፌርማታ ተሻግሮ ሌላ ቅርንጫፍ ተከፈተ፤ የሰማሁት ከሰው ነው። ስሙ የእነሱ ነው፣ ስድቡ ግን የእኔ።» ቆባቸውን እያስተካከሉ ጨመሩ፦ «ግን አልዋሽም። ከጠመኔ በቀር ምንም የማላውቀውን ሰውዬ ሥራ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ብቻዬን ብሆን ሦስት ወር አልቆይም ነበር።»

ስንመለስ እትዬ ታክሲው ውስጥ ተናገሩ። «ለእሳቸው ሳይሻል አልቀረም፤ ስም አልነበራቸውማ። እኔ ግን ያለኝን ጥዬ የሰው ልከራይ?» ውሉ ሳይፈረም ተመለሰ። እኔም አኩርፌ ለአንድ ወር ያህል ደጃቸውን አልረገጥኩም።

በዓመቱ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። ለረጅም ጊዜ አብራቸው የሠራችው አለሚቱ ሳንሱሲ ሰፈር ቤት ተከራይታ ሄደች፤ እዚያም በእሳቸው ስም ፉል ቤት ለመክፈት ፈቃድ ጠየቀቻቸው። አሁን ስም ሰጪዋ እሳቸው ሆኑ። ለስሙ በየወሩ ጥቂት እንድትከፍላቸው ተስማምተው ውሉን በአንድ ገጽ አስጻፉኝ። «መተው ስትፈልግ ትተዋለች፤ ፉልም የትም ቦታ ቀቅላ ትሸጣለች። ይሄን ከሁሉ በላይ ጻፊው» አሉኝ።

ይህን ያስጻፉት ሴት ግን እንቅልፍ አጡ። ስሜን ታበላሽብኝ ይሆን እያሉ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አንድ የታክሲ ሾፌር እንደ ደንበኛ ላኩባት። ሾፌሩ ጣዕሙ ተለውጧል ሲላቸው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ራሳቸው ሄዱ፤ እኔም አብሬአቸው ነበርኩ። ጥግ ላይ ተቀምጠን ስንበላ አለሚቱ ከጓዳ ወጣች።

«እትዬ፣ ነጠላው አይደብቅዎትም» አለች። «ሰው ሲልኩብኝ ችዬ ነበር፤ አሁን ደግሞ ራስዎ መጡ።»

«ፉሉ ተለውጧል።»

«እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ባቄላውን በመጣ ሰዓት ነው የምነክረው። ከሙንም ጨመርኩበት፤ የሰፈሩ ሰው ወደደው። እንዳልጠይቅዎ እንደ ሌባ ያዩኛል ብዬ ፈራሁ።»

እትዬ ሳህናቸውን በዳቦ ጠርገው ጨረሱ። «ይጣፍጣል» አሉ በመጨረሻ። «የእኔ ግን አይደለም። የራስሽን ስም ለጥፊበት።»

አለሚቱ ያባረሯት መስሏት አለቀሰች። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ሠዓሊ ልከው፣ ዋጋውን ራሳቸው ችለው አዲስ ማስታወቂያ አሠሩላት፤ ከዚያ በኋላ ወርኃዊ ክፍያም አልተቀበሏትም። እሷ ግን ነገሩ ምን እንዳዘለ ስታሰላስል ሰነበተች። ልቧ ያረፈው እትዬ የዕድራቸውን ሴቶች አስከትለው መጥተው፣ ፊታቸውን ገልጠው ሲበሉ ነው። ለእሷ አዝነው ነው ወይስ ስማቸውን ለማዳን ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። «ሁለቱም ቢሆን ምን አለበት?» አሉኝ።

ታመው ከተኙ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ብቻችንን ስንሆን የወኪሉን የሥራ ተስፋ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«አውቅ ነበር» አሉ። «ያንን አንቀጽ ስታነቢ ድምፅሽ ፈጠነ።»

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን ወረቀት ያስነብቡኝ ነበር?»

«የሌላው ሰው ውሸት የት ጋ እንዳለ አላውቅም። ያንቺን ግን አውቀዋለሁ።»

እትዬ፣ ለቅሶዎ ላይ ሰው ሁሉ ደግነትዎን አወራ። ተጠራጣሪነትዎን ያነሣ ግን አልነበረም፤ በሙት ላይ ነውር መስሎት ይሆናል። እኔ የማመሰግንዎ ስለ እሱ ነው። የጠረጠሩትን ሰው ሁሉ አላባረሩም፤ ዓይንዎን ሳይነቅሉ አጠገብዎ አስቀመጡት እንጂ። እኔም ከተቀመጡት አንዷ ነበርኩ። ከእንግዲህ እጅዎን የሚከቱበት ጆንያ፣ ሁለቴ የሚያስነብቡት ወረቀት የለም። ይረፉ፣ እትዬ፤ አሁንስ አምነው ይረፉ።