ሜትር ኒዳዞል

ሁለት ጊዜ ወድቄ ነበር። የመድኃኒት ቤት ረዳትነት ፈተና ደግሞ ሦስተኛው ሙከራ የመጨረሻ ነበር፤ እሱንም ብወድቅ እስከ ጡረታዬ የሆስፒታል ኮሪደር መወልወል ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ወልውዬ በቅቶኝ ነበር።

ሰነፍ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ደብተሬ ውስጥ ያላሰመርኩበት መስመር አልነበረም፤ እስኪበጣጠስ ነው ያነበብኩት። ፈተናው ላይ ግን ሁሉም ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። በሩን ስወጣ ይመጣልኛል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ታላቅ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረን ነበር የምንኖረው። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። አንድ ቀን ስሸመድድ ሰምቶኝ ከስፌት መኪናው ቀና አለ።

"አንቺ፣ ይሄ እኮ ውሃ መውቀጥ ነው። ዝጊውና ንገሪኝ።"

"ምኑን?"

"ያነበብሽውን ነዋ!"

ዘጋሁት። አንዲት ቃል አልወጣኝም።

"አየሽ? እኔም ስለምድ አሠሪዬ ሲቆርጥ እያየሁ 'ገባኝ፣ ገባኝ' እል ነበር። መቀሱን ሲሰጠኝ ነው ጉዴ የወጣው።"

ከዚያ ልብስ ከመቁረጡ በፊት ልክ የሚያወጣበትን ቡናማ ወረቀት ቆራረጠልኝ። ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ ጻፍኩበት። ሦስት የልብስ ቁልፍ ጣሳዎችም አራገፈና አሰለፈ። የሳትኩት የነገው ጣሳ ውስጥ ይገባል፤ ያወቅሁት ለሦስት ቀን ይቆያል፤ ደግሜ ካወቅሁት ለሳምንት። እሱ እየተኮሰ ይጠይቀኛል፣ እኔ ጠርዝ እየዘመዘምኩ እመልሳለሁ። ስሳሳት ይስቅብኛል፣ እናደዳለሁ። የተናደድኩበትን ደግሞ አልረሳውም።

የመድኃኒት ስም ሲያነብ ግን አያድርስ ነው።

"ከአልኮል ጋር የማይወሰደው?"

"ሜትሮኒዳዞል።"

ወረቀቱን ይገለብጥና፣ "ልክ ነሽ፣ ሜትር ኒዳዞል" ይላል።

"ሜትር አይደለም ጋሼ! ሜትሮ!"

"ታዲያ ይሄ አንገቴ ላይ ያለው ምንድን ነው?" ብሎ የልብስ መለኪያውን ያወዛውዝብኛል።

ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ስቀሰቅሰው አልነቃም። ልቡ ነው አሉ። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። አላለቀስኩም። "ይቺ ሴት ልቧ ድንጋይ ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ይበሉ። እጅ ሲተኙበት እንደሚደነዝዘው ሁለመናዬ ደንዝዞ ነበር። ሰኞ የሳምንቱን ጣሳ ከፈትኩ፣ ቀኑ ነበራ። ራሴ ጠየቅሁ፣ ራሴ መለስኩ።

የቃል ፈተናው ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ መነጽሯን አስተካክላ፣ "ከአልኮል ጋር እንዳይወስዱት ለበሽተኛ የምትነግሪው የትኛውን ነው?" አለችኝ።

"ሜትር ኒዳዞል" አልኩ።

ሦስቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፣ አስተካክዬ ነገርኳቸው። አለፍኩ። እሰይ ማለት እንኳ አቃተኝ።

አሁን ነጭ ጋውን ለብሼ ከመስኮቱ ኋላ እቆማለሁ። ከሥራ ስመለስ የስፌት መኪናው ጋ ቁጭ ብዬ ዓይኔን እጨፍንና የወንድሜን ድምፅ ለማስታወስ እሞክራለሁ። ብዙው ጠፍቷል። የሚመጣልኝ ያ አንድ ቃል ነው፣ ከነሳቁ።

ወረቀቶቹን ጥያቸዋለሁ፣ ከአንዷ በቀር። በየቀኑ አነሳታለሁ። መልሷን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ወደ ሳምንቱ ጣሳ ማለፍ ከነበረባት ቆየች። እኔ ግን እንደሳትኩ ሆኜ የነገው ውስጥ እመልሳታለሁ።