የእትዬ ብርነሽ የሐምሌ ሙዚቃ

ልጄ ሀናን ክላርኔት የምትለማመድበት አዳራሽ እዚሁ በምንኖርባት ኩን ራፒድስ ከተማ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ልወስዳት እሄድና መኪና ውስጥ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቀን ግን ዝናቡ ስለበረታ ገባሁና ከኋላ ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ገና አልጀመሩም ነበር። አንዲት ልጅ ብቻዋን አንድ ረዥም ድምፅ ነፋች። ከዚያ ሁሉም፣ ባለ ክሩም የሚነፋውም፣ ያንኑ ድምፅ እየፈለጉ ተከተሏት። መጀመሪያ ተንጫጫ፤ ቀስ በቀስ ግን እየተጠጋ እየተጠጋ ሄደና አንድ ሆነ። እርጥብ ጃኬቴን ጭኔ ላይ እንዳስቀመጥኩ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ክላርኔት የሚባል ነገር በዓይኔ ከማየቴ በፊት፣ ኮምቦልቻ፣ ጣሪያ በሌለው መጋዘን ውስጥ፣ ከእትዬ ብርነሽ አፍ ሰምቼዋለሁ።

የዚያኑ ዕለት ልምምዱ ሲያልቅ መምህሩ ወላጆችን ሰብስቦ ነገረን። ልጆቹ ሐምሌ ላይ ጣልያን አገር ሄደው፣ ሮማ ውስጥ ባለ የጥንት ፍርስራሽ መሐል፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይጫወታሉ። ወጪው ተሸፍኗል፤ ከእኛ የሚፈለገው እስከ ዓርብ እሺ ወይም እምቢ ማለት ብቻ ነው። ሌሎቹ ወላጆች አጨበጨቡ። እኔ እጄን አነሳሁና በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ «ግንቡ አይወድቅም?» ብዬ ጠየቅኩ። መምህሩ ፈገግ ብሎ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ምንም እንዳልቀረው ነገረኝ። እሱ ሊያጽናናኝ ነው፤ እኔ ግን ይብስ ፈራሁ።

«ማም፣ ከዛ ሁሉ ሰው ያንቺ ጥያቄ ስለ ግንቡ ነው?» አለችኝ ሀናን መኪና ውስጥ።

«ከሥሩ የምትቀመጪው አንቺ ነሻ!»

«ታዲያ ልሂድ?»

«አባትሽን እንጠይቅ።»

አባቷ ከድር የጭነት መኪና ይነዳል፤ ያን ጊዜ ሌላ ስቴት ነበር። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ነገርኩት። «እኔ መንገድ ላይ ነኝ፣ አንቺ ወስኚ» አለና ነገሩን ጫንቃዬ ላይ ጥሎት ዘጋ። ሀናን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን ከእኔ ተለይታ አድራ አታውቅም። ከእኛ ቤት ባሕር የተሻገረች ሴት ሁሉ የሰው ዕቃ ልታጥብ ነው የተሻገረችው። አክስቴ ቤይሩት፣ እኔ ጅዳ። አውሮፕላን የሚለው ቃል ከልጅ ጋር ሲነሳ የምሰጋው በሌላ ምክንያት አይደለም። በልቤ እምቢ ብዬ ጨርሼ ነበር። ችግሩ ያ የልምምድ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ ማለቱ ነበር፤ እሱ በመጣ ቁጥር እትዬ ብርነሽ ይመጣሉ።

እትዬ ብርነሽ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። በወጣትነታቸው ሮማ ሄደው ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ፣ ረዥም፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ወርቅ ይዘው የመጡ መስሎት ነበር። ይዘው የመጡት ግን አንድ የሚታጠፍ የሸራ ወንበር፣ አንድ ጥቁር መነጽር፣ ሻንጣ ሙሉ ደግሞ የሎሚ ሽታ ያለው ሳሙና ነበር። ሳሙናውን ከልብሳቸው መሐል ሸጉጠው ስለሚያስቀምጡት በአጠገባችን ሲያልፉ ሎሚ ሎሚ ይሸታሉ። እኛ ልጆችም ሮማ የምትባለው አገር ከዳር እስከ ዳር ሎሚ የምትሸት ይመስለን ነበር። መነጽሩን ደመና በሆነበት ቀን እንኳ አያወልቁትም። ልጅ ሲጠይቃቸው ደግሞ አይሰለቹም፤ ይሄ በዚያን ጊዜ ትልቅ ሰው ላይ ብዙ የሚገኝ ነገር አልነበረም። እኔ ጥያቄ የማያልቅብኝ ልጅ ነበርኩና እናቴ «ሂጂ ብርነሽን ጠይቂያት፣ እኔን ተዪኝ» ትለኝ ነበር።

ሮማ ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓት ነበር አሉ። ሐሙስ በደረሰ ቁጥር የእኛ አገር ልጆች፣ የአስመራዎቹም፣ ከየአሠሪያቸው ቤት ወጥተው አንድ የአውቶቡስ መቆሚያ ላይ ይገናኛሉ። ከመቆሚያው ጀርባ የጥንት ነገሥታት ያሠሩት የግዙፍ ሕንፃ ፍርስራሽ አለ። ሐምሌ ሲገባ ሙዚቀኞች እየመጡ ማታ ማታ በፍርስራሹ ውስጥ ለሕዝብ ይጫወታሉ፤ ከሰዓት ደግሞ ይለማመዳሉ። ማታውን እትዬ ብርነሽ አላዩትም። የአሠሪዎቻቸውን እራት የሚያቀርቡት እሳቸው ስለሆኑ ቀድመው መመለስ ነበረባቸው። ልምምዱን ግን ጓደኞቻቸው ወሬያቸውን ሲያወሩ እሳቸው ከግንቡ ውጭ የሸራ ወንበራቸውን ዘርግተው ያዳምጡ ነበር።

«ግንቡ የምን ነበር?» አልኳቸው መጀመሪያ የነገሩን ቀን።

«መታጠቢያ ቤት።»

«መታጠቢያ ቤት? መስጊዳችንን ያህላል?»

«መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ገበያውም ገብቶበት ይተርፋል።»

«ምን ቢቆሽሹ ነው?»

እትዬ ብርነሽ ሳቁና መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ጣሪያውስ የት ሄደ አልኳቸው። ከወደቀ ስንት ዘመኑ አሉኝ። ታዲያ ለምን አይሠሩትም? «ቢሠሩትማ ማን ሊያየው ይመጣል!» አሉኝ። ይሄ መልስ ብዙ ቀን አመራመረኝ። እኛ ሰፈር የወደቀ ቤት ካለ ወይ ይሠራል፣ ወይ ድንጋዩን ጎረቤት ወስዶ አጥር ያጥርበታል። የወደቀ ቤት ጠብቀው፣ መብራት አብርተው፣ ዘንጠው ሙዚቃ የሚሰሙበት ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ውስጡ ምን እንደሚመስል ስጠይቃቸው «ውስጡን አላውቀውም» አሉኝ። የማያውቁትን አላውቅም የሚሉ ትልቅ ሰው እሳቸው የመጀመሪያዬ ናቸው።

አንድ ክረምት፣ ሐምሌ እንደገባ፣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው «እኛም እናደርጋለን» አሉ። ከመንገዱ ማዶ ጣሪያው ወድቆ አራት ግድግዳ ብቻ የቀረው የጣልያን ጊዜ መጋዘን ነበር። የሰፈሩ ፍየሎች ይውሉበታል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበርና ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ ተከራከራቸው።

«ብርነሽ፣ እስቲ መስከረም ይጥባ። በዚህ ዝናብ ጣሪያ የሌለው ቤት አስገብተሽ ልጆቹን ልታበሰብሺያቸው ነው?»

«ሙዚቃው የሚሆነው በሐምሌ ነው።»

«ሮማ ሐምሌ ዝናብ የለም እንዴ?»

«ጠብ አይልም።»

«እኛ ጋ ይላላ!»

«እሱ የሰማዩ ጉዳይ ነው። እኔ ወሩን አልቀይርም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ከማዳበሪያ ከረጢት ላስቲክ እየቀደደ ለሁላችንም ቆብ ሰፋልን። ቆቡን ደፍተን ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እትዬ ብርነሽ መነጽራቸውን እንዳደረጉ መሐል ቆሙና አንድ ረዥም ድምፅ አወጡ። «ፈልጉት» አሉን። «እኔን ብቻ አይደለም፣ እርስ በርሳችሁም ተሰማሙ።» ጮህን፣ ተሳሳቅን፣ ተንጫጫን፤ ስንቆይ ግን ድምፃችን አንድ ላይ ገጠመ። ዝናቡ ላስቲካችን ላይ ይንጠባጠባል፣ ፍየሎቹ ጥግ ይዘው ያዩናል። ሊጠሩን የመጡ እናቶች ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው በሩ ላይ ቀሩ።

ቀጥሎ ዜማውን አስያዙን። ቃል የለውም፤ «ላ ላ» ብቻ ነው። ወጣ ብሎ፣ ዞር ብሎ፣ ሊያርፍ ሲል እትዬ ብርነሽ እጃቸውን ያነሱና በጉሮሯቸው «ቩ...ም» ይላሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርገው ያዞራሉ። ከዚያ ዜማው ካቆመበት ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀጥላል። የእኔ ድምፅ ወፍራም ስለነበር «ቩ...ም»ን ለእኔ ሰጡኝ። ለብቻዬ ትልቁ ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ ፊቴን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞርኩ፣ ክረምቱን ሁሉ አልኩት። ከሙዚቃው ሁሉ የሚበልጠው ክፍል እሱ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ክረምቶችም ሐምሌ ሲገባ መጋዘኑ ውስጥ እንሰበሰብ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ እናቴ ታመመችና ትምህርቱን ተውኩ፤ ጨዋታውም በዚያው ቀረብኝ። ቆይቶ ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ፣ እትዬ ብርነሽ ማረፋቸውን ከአገር የመጣች ልጅ ነገረችኝ። ብረት ምጣድ እያጠብኩ ነበር፤ እጄን ሳልጠርግ ትንሽ ቆምኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሐሙስ ሆነ። በማግስቱ መልስ መስጠት ነበረብኝ። ሳሎን ቁጭ ብዬ ከማድረቂያው ያወጣሁትን ልብስ አጥፋለሁ። ሀናን አኩርፋ ክፍሏ ውስጥ ትለማመዳለች። ሳላስበው ያንን ዜማ እያንጎራጎርኩ ኖሯል። የእሷ ድምፅ ቆመ፤ ክላርኔቷን እንደያዘች በሩ ላይ መጣች።

«ማም፣ ምንድን ነው እሱ?»

«የልጅነት ነው።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። የኔ ቦታ ሲደርስ ፊቴን ከግራ ወደ ቀኝ አዙሬ «ቩ...ም» አልኩ።

«ዌይት፣ እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እሱማ የኔ ክፍል ነው» አልኳት ኮራ ብዬ።

እየሳቀች ዜማውን በክላርኔቷ አወጣችው። ከአፌ ሰምታ ወዲያው መያዟ ገረመኝ። እዚያች ቦታ ስትደርስ ግን ቆመች። ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ቆመች። ከዚያ በእንግሊዝኛዋ ይሄ ከዚህ ወደዚህ አይሄድም፣ መሐል ላይ የጠፋ ነገር አለ አለችኝ። «ከማን ነው የሰማሽው?»

ስለ እትዬ ብርነሽ ነገርኳት። ስለ ሐሙስ ከሰዓት፣ ስለ መታጠቢያ ቤቱ፣ ከግንቡ ውጭ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ወንበር ዘርግተው እንደሚያዳምጡ። ሀናን አፏን ያዘች።

«ማም! አውቶቡሱ ነው! አውቶቡስ ሲያልፍ ሙዚቃው አይሰማትም ነበር! ኦ ማይ ጋድ፣ አንቺ አውቶቡሱን ነበርሽ!»

ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሳቅን። ያጠፍኩት ልብስ ተበተነ። ስቀን ስናበቃ የተበተነውን ልብስ እሰበስብ ጀመር። መቆሚያውንም አውቶቡሱንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ግን አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም ነበር። እትዬ ብርነሽ ያልሰሙትን ከራሳቸው ፈጥረው ሊሞሉት ይችሉ ነበር፤ እኛ ምን እናውቅና! እሳቸው ግን የሰሙትን እንደሰሙት፣ የሸፈነባቸውንም እንደሸፈነባቸው አስተማሩን።

«የጠፋው ምን ይሆን?» አልኩ። ለእሷ ማለቴ አልነበረም፤ አምልጦኝ ነው።

«እኔ እንጃ» አለች ሀናን፤ ዓይኗ ግን በራ። «የምንጫወተው እኮ እዚያው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ሄጄ ልጠይቅልሽ?»

ተንኮሏ ገብቶኛል። ያን ሰዓት ግን ከፍርሃቱ ይልቅ የማወቁ ነገር አይሎብኝ ነበር። ልጄ የምትሻገረው ከግንቡ ውጭ ልትቀመጥ አልነበረም። «ሂጂ» አልኳት። «ግን ከግድግዳው ራቅ ብለሽ ተቀመጪ።» አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ክላርኔቱ ጀርባዬን ወጋኝ።

ሐምሌ ላይ፣ የተጫወቱ ዕለት፣ ጎረቤት ከተማ ፍሪድሊ ከምሠራበት ፋብሪካ ከሺፍት ወጥቼ ፓርኪንግ ውስጥ ሳለሁ ደወለች። እዚያ መሽቶ ነበር። መኪናዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ጥያቄዬን አወረድኩባት። ውስጡ ምን ይመስላል? ድምፁ ተመልሶ ይመጣል ወይስ ወጥቶ ይሄዳል? ግንቡ ምን ዓይነት ነው? ሸክላ ነው አለችኝ፤ ቀይ ሸክላ፣ አንገት እስኪያም ድረስ ወደ ላይ የሚያዩት። ድምፁ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ስትነፊ ለራስሽ ያነሰ ይመስልሻል አለችኝ። ቀስ ባለው ክፍል ላይ አንዲት ድመት በመድረኩ ፊት አቋርጣ ሄዳለች። ሰዎቹ በወረቀት ያራግቡ ነበር፤ ሙቀት ነው።

«አውቶቡስስ?» አልኳት።

«ውስጥ ድረስ ይሰማል! ማም፣ እየተጫወትን አንዱ አለፈ፣ ልስቅብሽ ነበር።»

የጠፋውን ማግኘቷን ጠየቅኳት። አላገኘችውም። መምህሩም ሌሎቹም አላወቁትም፤ ምናልባት ሁለት ሙዚቃ ተቀላቅሎ ይሆናል ብለዋታል። ነገ ደግሞ እዚያ የሚሠሩትን ሽማግሌ እጠይቃለሁ አለችኝ። ለምን ሽማግሌውን እንደመረጠች፣ ሽማግሌው ምን እንደሚሠሩ ጠየቅኳት። እሱንም ነገረችኝ፤ ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። ባትሪዋ እያለቀ ሲመጣ ተሰነባበትን።

መኪናውን አስነሳሁ። ቀበቶዬን ሳስር ነው ትዝ ያለኝ፤ ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ እራት መብላቷን አልጠየቅኳትም ነበር።