የሚያነበው ላፕቶፕ

በሰው ቀንቼ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አላፍርም ነበር። እኔ የቀናሁት በላፕቶፕ ነው።

ቃሊቲ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። የታሪክ መምህራችን ዓይነ ስውር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓት እየመጣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ይቀመጥና እኔ አነብለት ነበር። መጽሐፍ፣ ከቢሮ የመጣ ደብዳቤ፣ የሐኪም ውጤት፣ እህቱ በስልክ የላከችለት መልእክት፣ ምን የማላነብለት ነበር? የተማሪዎቹን የፈተና መልስም አነባለሁ፤ እሱ ነጥቡን ይነግረኛል፣ እኔ በቀይ እጽፋለሁ። አንዱ ተማሪ የማይሆን ነገር ጽፎ ሲገኝ ገና ሳላነበው ሳቄ ያመልጠኛል። እሱም ምን እንደሆነ ሳይሰማ አብሮኝ ይስቃል።

ማንም አልመደበኝም። ግን መምህሩን የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን ነበር፤ ይህ ደስ ይለኝ እንደነበር አልደብቅም።

ከዚያ ላፕቶፑ መጣ። ዓይነ ስውራንን የሚረዳ አንድ ድርጅት ለሁለት ወር ሙከራ የሰጠው፣ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ነው። ቀጭን፣ ግራጫ፣ ከተማሪ ደብተር ብዙም የማይከብድ። መምህሩ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና፣

«እስቲ እዪልኝ፤ ምን ይመስላል?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት። ደህና ብቻ አልነበረም፤ ያምር ነበር።

በማግስቱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ከፊቴ ተቀመጠ። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

«አልበራም እኮ» አልኩት፤ ተበላሽቶ በሆነ እያልኩ።

«ሆን ብዬ ነው ያጠፋሁት። ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ባትሪ ይበላል እንጂ።»

ማዳመጫውን ነቅሎ ድምፁን አሰማኝ። ከፍጥነቱ የተነሳ አንድም ቃል መለየት አልቻልኩም።

«እንዲህ እየሮጠ ይገባሃል?»

«ይገባኛል እንጂ። አንቺ እኮ ቀስ ትያለሽ» አለኝ እየሳቀ።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ዘጠኝ ዓመት ቀስ ብዬ ሳነብ አንድም ቀን ፍጠኚ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ መብራት ጠፋ። እኔ የያዝኩትን ካታሎግ ዘጋሁት፤ ፊደል አይታይም። እሱ ምኑም አልተነካም፤ ጨለማው ውስጥ እያዳመጠ ነው። ድንገት ብቻውን ሳቀ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«ቆይ፣ ልጨርሰው።»

ጨረሰ፤ ደወል ተደወለ፤ ሳይነግረኝ ወደ ክፍል ሄደ። ያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ ይዤው ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ የላፕቶፑን ክፋት ዘረዘርኩለት። ድምፁ የቆርቆሮ ነው፣ ነጥብ ላይ አያርፍም፣ የሚያሳዝነውንም የሚያስቀውንም እኩል ነው የሚያነበው። ባለቤቴ ጫማውን እያወለቀ ሰማኝና፣

«ላንቺ አያነብልሽ፤ ምን ቤት ነሽ?» አለኝ።

እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ሁለቱ ወር ሊያልቅ ሲል ከድርጅቱ መጠየቂያ ቅጽ መጣ፤ ያነበብኩለትም እኔው ነኝ። በሁለት ቅጂ የተላከ ነው። አንደኛውን በእጅ ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አስመትቶ መመለስ አለበት። ከላይ «ጠንካራ ጎን» ይላል፣ ከታች «ደካማ ጎን»። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በየስድስት ወሩ የምንገመገምባቸው ቃላት ናቸው። ግምገማው ጥሩ ከሆነ ላፕቶፑ የመምህሩ ይሆናል፤ ካልሆነ ተመላሽ ይደረጋል።

«ጻፊ» አለኝ። «ጠንካራ ጎን። አንደኛ፣ ሰው አልጠብቅም።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።

«ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«ሁለተኛ፣ መልእክቴን ብቻዬን አነባለሁ። ሦስተኛ፣ ለነገ ትምህርት ዛሬ ቤቴ ሆኜ እዘጋጃለሁ። ባትሪውም ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ደካማ ጎን፣ ከኮዬ ፈጬ ስመጣ አውቶብስ ውስጥ ያለ ማዳመጫ አይሰማም። የአማርኛ ድምፁም ለዛ የለውም።»

ሊጎዳኝ ብሎ አይደለም። አብሮኝ የሚደሰት መስሎት ነው ፊቱ የበራው። እኔ ግን ሰው አልጠብቅም የሚለው ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ አልነሳ አለኝ። ለካ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቀኝ ኖሯል።

ጠንካራ ጎን በሚለው ሥር «ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከታች ግን ምን ልተው? ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መሃል ላይ ይቆማል። አነባበቡ ያደክማል። ሰው ቢያነብለት ይሻላል። መስመሩ ሲያልቅብኝ ወደ ዳር ወጣሁ።

«እስቲ አንብቢልኝ።»

ወረቀቱን አንስቼ እሱ ያለውን፣ አንድ ቃል ሳላጎድል፣ በቃሌ አነበብኩለት። ድምፄ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም።

ለመፈረም እጁን ዘረጋ። ሁልጊዜ ሌባ ጣቱን ይዤ የፊርማው መስመር ላይ የማሳርፍለት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ግን ተቀብሎኝ ገለበጠና ጀርባውን ዳሰሰው። ከልጅነቱ ጀምሮ ብሬል ያነበቡ ጣቶች ናቸው።

«ዛሬ ተጭነሽ ነው የጻፍሽው» አለኝ።

ጣቶቹ ከላይ ጀመሩ፤ አንድ መስመር ላይ ትንሽ ቆይተው ልሙጡን ወረቀት አለፉት። ወደ ታች ሲወርዱ አንድ ስፍራ ላይ ቆዩ፤ ደግመው ተመለሱበት፤ ወደ ዳሩም ሄዱ።

«ጠንካራ ጎኑ ከላይ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«ደካማው ከታች?»

«አዎ።»

ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ሁለተኛው ቅጂ ባዶ ነው አይደል? አምጪው።»

በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ድምፅ ደገመልኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሚለውን ሁሉ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ፣

«ደካማ ጎን ላይ አንድ ጨምሪ» አለኝ። «በእጅ የተጻፈ አያነብም። ለዚያ የግድ ሰው ማመን አለብኝ።»

እሱንም ጻፍኩ። ስጨርስ እንደ ልማዴ ጣቱን ልይዝ እጄን ሰደድኩ። እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ፣ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ በትሩን ያዘና ወጣ።

ከእኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ቢሮ ነው። በሩ ክፍት ስለነበር ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ ይቺን ያንብቡልኝ እስቲ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ኪሳቸውን ዳሰሱ፤ አገኙት። እያንዳንዱን ቃል እየቆራረጡ ያነባሉ፤ ይሳሳታሉ፣ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ከእኔ እጥፍ ይዘገያሉ። መምህሩ አላጣደፋቸውም። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ተደነቃቀፉና ሁለት ጊዜ አነበቧት።

«ይኸው ነው» አሉት።

«ይኸው ነው፣ ትክክል ነው» አላቸው። «መፈረሚያው የት ጋ ነው፣ ጋሼ?»

«ጣትህን አምጣ» አሉት።