የክንፏ ጫፍ

በዚያ ቤት ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚነቃው የዳቦ ሽታ ነው። ሰው የሚነሳው እሱ ቀስቅሶት ነው። የቤቱ እመቤት ማታ ከመተኛቷ በፊት ውሃውን፣ ዘይቱን፣ ጨውና ዱቄቱን በየተራ የዳቦ ማሽኑ ውስጥ ትጨምራለች። እርሾው ጨውም ውሃም እንዳይነካው ዱቄቱ መሀል ላይ በጣቷ ትንሽ ጉድጓድ ታበጅና እዚያ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ሰዓቱን ሞልታ፣ ክዳኑን መታ መታ አድርጋ፣ "በል እንግዲህ አንተ አቡካ፣ ጌታ ይባርከው" ትለውና ወደ አልጋዋ ትሄዳለች።

ማሽኑ ከታላቅ እህቷ የወረሰችው አሮጌ ነው። ሲያቦካ ጠረጴዛ ላይ ስለሚጨፍር ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ ታነጥፍለታለች። እሱ ባይኖር ያ ቤተሰብ እንዴት እንደሚበላ እሷም አታውቅም። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ትልቋ ልጇ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ትንሿ፣ አንድ ቦታ አልቀመጥ በማለቷ "ቁንጫ" የተባለችው፣ ገና የፊደል ተማሪ ናት። የባሏ አባት፣ አባባ፣ ቀኑን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። እሷ ራሷ ከሰዓት በኋላ ልብስ ስፌት ቤት ትገባለች። ሰፈሩ "ሩጫ" ብሎ ስም አውጥቶላታል፤ ስትራመድ ያያት ሰው የለማ።

የማሽን ዳቦ አንድ ጠባይ አለው። ሊጡን የምታቦካው ትንሽ ብረት፣ እነሱ "ክንፍ" የሚሏት፣ ዳቦው ሲበስል ከታች እንደተቀበረች ትቀራለች። ጎትተው ሲያወጧት ቦታዋ ቀዳዳ ይሆናል። ስለዚህ ዳቦው ሲቆረስ መሀለኛዋ ቁራሽ ሁልጊዜ ቀዳዳ ናት። ሌላ ቤት ቢሆን ማንም አይወዳትም ነበር። እዚህ ቤት ግን አባትየው አንድ ቀን በቀልድ "ቀዳዳዋ ለባለ ጭንቅ ናት" ብሎ ስላወጀ ሕግ ሆና ቀረች። የዕለቱን ከባድ ቀን የሚውል ሰው እሷን ይወስዳል። ትልቋ ልጅ ለሥራ ስትፈተን በልታታለች። አባባ ጓደኛቸውን የቀበሩ ዕለት ማንም ሳይናገር ሳህናቸው ላይ ተገኝታለች። ሩጫ ግን አንድ ቀን ወስዳ አታውቅም። "በእኔ ጭንቅ ከሆነማ ለማን ልትተርፍ ነው?" ትላለች እየሳቀች።

በዚያን ዕለት ጠዋት ክንፏ አልወጣ አለች። ሌላ ጊዜ ዳቦው እስኪበርድ ትጠብቃለች። ያን ዕለት ግን ባሏ ጫማውን አስሮ በሩ ላይ ቆሟል፣ ቁንጫ አንድ ጫማዋ ጠፍቷታል፣ ትልቋ "እማዬ፣ ረፈደብኝ!" ትላለች። ሩጫ ፒንሳ አነሳች፣ ክንፏን ያዘችና ጠመዘዘቻት። ቀጭ አለ። ወጣች። ሳታያት ውሃ የሞላው ሳህን ውስጥ ጣለቻትና ዳቦውን ቆርሳ አከፋፈለች። ቀዳዳዋን ለቁንጫ ሰጠች፤ ክፍል ፊት ቆማ ጮክ ብላ የምታነብበት ቀን ነበርና።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው ለማታው ዳቦ ዱቄት ለክታ ክንፏን ከሳህኑ ያወጣቻት። ጣቷን አንድ ነገር ቆረቆራት። አየችው። ጫፏ የለም። የተሰበረበት ቦታ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል።

ክው አለች።

የጎደለው የጥፍር ቁራጭ ቢያህል ነው። ለማየት ትንሽ፣ ለአንጀት ግን ምላጭ። ሳህኑን ደፋች፣ በውሃው ውስጥ የለም። መክተፊያውን ጠረገች፣ ፍርፋሪውን በጣቷ አሸች፣ የማሽኑን ጣሳ ወደ ብርሃን አዙራ አየች፣ ተንበርክካ ወለሉን በመዳፏ ዳሰሰች። የለም። ዳቦው ደግሞ በየሰው እጅ ወጥቶ ሄዷል። "አምላኬ" አለች ተንበርክካ እንዳለች፣ "የእኔን እጅ ቅጣው እንጂ የማንንም ሆድ አትንካ።"

አባባ ሻያቸውን ይዘው መስኮቱ ሥር ናቸው። ከእርሳቸው መጀመር አለባት፤ ግን ልባቸው ደካማ ነው፣ ድንጋጤ አይችሉም። ጥያቄውን አለሳለሰችው።

"አባባ፣ ጠዋት ዳቦው እንዴት ነበር? ጥርስዎን አልነካዎትም?"

ሽማግሌው እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ጫን አደረጉ። "ጥርሴን? ጥርሴ ምን ሆነ? ማነው ስለ ጥርሴ የሚያወራው?"

"ማንም አላወራም፣ እንዲያው ነው።"

"ጥርሴ ደኅና ነው። ድንጋይ ቢሰጡኝ እፈጨዋለሁ!"

በማግስቱ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ስላላቸው ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሲነጫነጩ ሰንብተዋል። ሩጫ አልፈረደችባቸውም። ተመስገን፣ አንዱ ዳነ ብላ ስልኳን አነሳች። ባሏ እየነዳ ስለሆነ አያነሳም፤ የሆነውን በመልእክት ጻፈችለት። ትልቋ አነሳች።

"የእኔ እናት፣ ዳቦሽን በላሽው?"

"እማዬ፣ ደንበኛ ቆሞብኛል፣ በኋላ…"

"በላሽው ወይ ነው ያልኩሽ!"

ልጅቷ እናቷ እንዲህ ስትጮህ ሰምታ አታውቅም። ሩጫ የክንፏን ነገር ነገረቻት። ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔ በልቻለሁ፣ ምንም አላገኘሁም። ግን እማዬ… ክንፏ ያለችው እኮ ቀዳዳዋ ጋ ነው። ቀዳዳዋን ማን ወሰደ?"

ሩጫ ክንፏን ከጠረጴዛው አነሳች።

"ቁንጫ ናት አይደል? ሂጂ እማዬ። አሁኑኑ ሂጂ። ራጅ ትነሳ።"

ወጣች። ሽርጧን አልፈታችም፣ እጇን አልታጠበችም፣ እግሯ ላይ ያለው የቤት ነጠላ ጫማ ነው። የተሰበረችውን ክንፍ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ጨብጣ ሮጠች። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" የሚለው ተረት ከየት እንደመጣ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። "አይደርስም" ትለዋለች እየሮጠች፣ "በስምህ አይደርስም።" የአውቶቡስ ማቆሚያውን፣ የአትክልት መሸጫውን፣ ልብስ ስፌት ቤቱን አለፈች። የሥራ ባልደረባዋ በመስኮት "ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቀድሚ ነው?" ብላ ተጣራች። ሩጫ አልሰማቻትም።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩን አልከፍት አለ። "እናት፣ የዕረፍት ሰዓት ገና ነው።"

"ልጄ ብረት በልታለች!"

"ብረት?" አለና ቁልፉን እየፈለገ "የዘንድሮ ልጆች እኮ የማይበሉት የለም" አጉረመረመ። ፊቷን ሲያይ ግን ቀልዱ አፉ ላይ ደረቀ፤ በሩን በሁለት እጁ ከፈተላት።

ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ የቁንጫ ወንበር ባዶ ነው። መምህርቷ መጡ። "እንኳን መጡ። ልደውልልዎ ነበር። ሆዴን ብላ አሁን ወደ ሕክምና ክፍል ወስደናታል።"

ግድግዳውን ይዛ ነው የሄደችው። ቁንጫ አልጋው ላይ እንደ ድመት ተጠቅልላለች። የዳቦ ዕቃዋ አጠገቧ ተከፍቶ ባዶውን ተቀምጧል።

"እማዬ፣ ሆዴን ቆረጠኝ።"

ሩጫ ጥያቄ አልጠየቀችም። አቅፋ አነሳቻትና አጥሩን ተሻግሮ ወዳለው ክሊኒክ ወሰደቻት። ሐኪሟ የተሰበረችውን ክንፍ ተቀብላ አገላብጣ አየችና ቶሎ ልጅቷን ወደ ራጅ ክፍል አስገባች። በሩ ተዘጋ። ሩጫ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች። በሕይወቷ ብዙ ጊዜ ጸልያለች፤ ቃል አጥታ የጸለየችው ግን ያኔ ነው። እጇ ላይ የደረቀውን ዱቄት እያየች ዝም ብላ ተቀመጠች፣ ዝምታዋን ጌታ እንደሚሰማው አምና።

በሩ ሲከፈት ሐኪሟ ፈገግ ብላለች። "ምንም ብረት የለም። አየር ብቻ ነው። ዛሬ ትምህርት ቤት የሚያስፈራት ነገር ነበር እንዴ?"

"ጮክ ብላ ልታነብ ነበር።"

"እንግዲያው ቁርጠቱ የፍርሃት ነው።"

ሩጫ ነፍሷ መለስ አለች። ልጇን አቅፋ ሳመቻት፣ ደግማ ሳመቻት፣ ከዚያ "ቀዳዳዋን ግን በልተሻት ነበር አይደል? ምንም አልቆረቆረሽም?" አለች።

ቁንጫ ወደ መሬት አየች።

"አልበላኋትም። ለአባባ ሰጠኋት።"

"መቼ?"

"አንቺ ጫማዬን ስትፈልጊ። 'ነገ ጥርሴን ሊነቅሉኝ ነው፣ ፈርቻለሁ፣ ለማንም እንዳትነግሪ' አለኛ። የእሱ ጭንቅ ከእኔ ይበልጣል ብዬ ነው።"

ሐኪሟ ፈገግታዋን ተወች። "ስንት ዓመታቸው ነው? አኝከው ይበላሉ?"

አኝከው! አባባ ዳቦን ሻይ ውስጥ ነክረው እንዳለ የሚውጡ ሰው ናቸው። ሩጫ ወደ ቤት ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ደግማ ደወለች። ስልኩ እኮ ከወንበራቸው አጠገብ ነው፤ እጃቸውን ቢዘረጉ ይደርሳሉ።

"ይዘሻቸው ነይ፣ አሁኑኑ" አለች ሐኪሟ።

ታክሲ ውስጥ ባሏ ደወለ። ከመናኸሪያው ነው። "መልእክትሽን አየሁ። የተረፈኝን ዳቦ ፍርፍር አድርጌ አየሁት፣ የለም። ልጅቷስ?"

"ልጅቷ ደኅና ናት። ቀዳዳዋን የበሉት አባትህ ናቸው። ስልክ አያነሱም።"

"መጣሁ" አለ፣ ዘጋው።

መንገዱ ተዘጋጋ። ሩጫ የፊት ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቁንጫን በጉልበቶቿ መሀል አጥብቃ፣ ስለ ሽማግሌው አሰበች። በማሽኑ የጋገረችው የመጀመሪያ ዳቦ ጡብ ሆኖ ነበር፤ እርሾውን ጨው ላይ ደፍታው። ባሏ ሳቀ፣ ትልቋ ሳቀች። አባባ ብቻ ሳይስቁ ቁራሹን አነሱና፣ ያን ጊዜ ገና ጥርስ ነበራቸው፣ ቀስ ብለው አላምጠው ጨረሱት። "መልካም ነው ልጄ፣ የጠገበ ዳቦ ነው" አሏት። በማግስቱ እንደገና የሞከረችው በዚያች ቃል ነው። አሁን በዚያው ማሽን፣ በገዛ እጇ…

ቤት ስትደርስ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ነው። ሻዩ በርዷል፤ የብርጭቆው ታች ላይ የራሰ ፍርፋሪ ተኝቷል። የመኝታቸው በር ተዘግቷል። ከፈተችው። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል፣ መሀረብ አፋቸው ላይ ይዘዋል።

"አባባ!"

አልዞሩም። ትከሻቸውን ነካች።

"ተይኝ ልጄ።"

"ሆድዎን ነው? ደም አለ? ይናገሩ!"

"እሱ ነው የላከሽ?"

"እሱ ማን?"

"የጥርስ ሐኪሙ። ሲደውል ሲደውል ነበር፣ ዝም አልኩት።"

"እኔ እኮ ነኝ የደወልኩት!"

አባባ ቀስ ብለው ተነሱና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ጥፋተኛ ተማሪ ነው የሚመስሉት። "እንግዲህ ተደብቆ አይቀርም። ጠዋት ያቺን ቀዳዳ ስበላ ከቀሩት አንዱ ተሰበረ። አንቺ ደግሞ መጥተሽ ስለ ጥርስ ስትጠይቂ አወቀች ብዬ ደነገጥኩ። ያ ሰውዬ ይሄን ካየ የቀሩትንም ጠርጎ ያወጣቸዋል።" መሀረቡን ዘረጉላት። "ደግሞ ተመልከቺው፣ ምን ያህል ጠቁሯል!"

መሀረቡ መሀል ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ግራጫ ብረት ተቀምጣለች።

ሩጫ ከሽርጧ ኪስ ክንፏን አወጣች። ጫፏን አስጠጋቻት። ልክ ገጠመች።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ይሳቅ ይለቀስ ሳታውቅ ሁለቱንም አደረገች። "ተመስገን፣ ተመስገን፣ ስምህ ይባረክ" ከማለት ሌላ አልወጣትም። አባባ ግራ ገብቷቸው ያዩዋታል።

ቁንጫ ብረቷን ቀረብ ብላ መረመረች። "አባባ፣ ጥርስህ ብረት ነው እንዴ?"

"ቢሆን ኖሮ ማን ይነቅለው ነበር?" አሉ አባባ። ነገሩ ሲገባቸው ግን ፊታቸው አመድ መሰለ፤ የሩጫን እጅ ያዙና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም።

አባትየው የሥራ ኮፍያውን እንዳደረገ እያለከለከ ሲገባ ሦስቱም አልጋው ላይ ተደርድረው አገኛቸው። በሩን ተደግፎ ኮፍያውን አወለቀ።

ያን ዕለት ሩጫ ሥራ አልገባችም። የለካችው ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃታል፣ ማሽኑ ግን ያለ ክንፍ ነው። ውሃ ጨመረችና በእጇ ታቦካ ጀመር። መጀመሪያ ሊጡ አልያዝ አላት፤ ቆይቶ ሊጡም ረጋ፣ እጇም ረጋ። አባባ ወንበራቸውን ወደ ወጥ ቤት አስመጥተው ሥራዋን ይቆጣጠራሉ።

"የእጅ ዳቦ እኮ ቀዳዳ የለውም" አሉ። "ባለ ጭንቅ ምን ሊበላ ነው?"

ሩጫ ሊጡን ሊጋገር የማሽኑ ጣሳ ውስጥ ከማስቀመጧ በፊት ገልበጥ አድርጋ አውራ ጣቷን ከታች መሀሉ ላይ ጥልቅ አድርጋ ወጋችው።

ዳቦው ሲወጣ ቤቱ ሁሉ ጠረጴዛውን ከበበ። ያን ቀን ግን አንድም ሰው ከመብላቱ በፊት ያልፈረፈረው ቁራሽ የለም። ትልቋ ከመድኃኒት ቤት መጥታ ቀዳዳዋን አነሳችና ሳትጠይቅ እናቷ ሳህን ላይ አኖረቻት።

"የዛሬው ጭንቅ የእማዬ ነው።"

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ አባባ እጃቸውን ዘርግተው። "ነገ ጥርስ ሐኪም ጋ የሚሄደው ማነው?"

ሁሉም ዘወር ብለው አዩዋቸው። ሳምንቱን ሙሉ አልሄድም ሲሉ የከረሙ ሰው ናቸው።

ሩጫ ቁራሹን ቀዳዳው ላይ ለሁለት ገመሰችው። አንዱን ግማሽ ለእርሳቸው ሰጠች፣ ሌላውን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ በላችው። አላመጠችው፣ ቀስ ብላ፣ በሚገባ።