ውሃ የበዛበት የጌታሁን አበባ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ቅጠሉ የወየበ አበባ ከነመትከያው አቅፋ መጥታ «ምን ሆኖብኝ ነው?» ስትለኝ፣ ገና አፈሩን ሳልነካው ሽታው ነገረኝ። የረግረግ ሽታ፣ ውሃ አቁሮ ሥር ያበሰበሰ አፈር ሽታ ነው። ያ ሽታ ይዞኝ ደባርቅ ገባ፤ በደርግ ዘመን፣ ከሊማሊሞ ገደል የሚወጣው ጉም እስከ እኩለ ቀን ከደጃችን በማይነሳበት ክረምት፣ እናቴና እኔ በአንድ አበባ የተነሳ ወደተኳረፍንበት ቤት።

አበባው የታላቅ ወንድሜ የጌታሁን ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ከመወሰዱ በፊት አንድ የጄራኒየም ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከጎንደር አምጥቶ፣ በእርዳታ ዘይት ጣሳ ተክሎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው፤ ሲያብብ ቅላቱ ጭቃ ቤታችንን የሰርግ ቤት ያስመስለው ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ግን እናቴ ወታደር የጫነ መኪና ወደ ሊማሊሞ ባለፈ ቁጥር ተነስታ ታጠጣዋለች። ቅጠሉ ሲወይብ «ጠማው» ብላ ትጨምራለች፤ ሲረግፍ ደግሞ አብዝታ። በሬዲዮ የጦር ወሬ የተሰማ ቀንማ ለአበባው የጥፋት ውሃ ነበር።

እኔ ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ብሰድ እንደ ሊጥ ሆኗል፤ ግንዱ ከታች ጠቁሯል፤ ጣሳውን ገልብጬ ባየው አንዲት ቀዳዳ እንኳ የለውም። ውሃው መውጫ አጥቶ ሥሩን አፍኖታል።

«እማዬ፣ የገደለው ውሃው ነው» ብላት፣

«ውሃ ደግሞ መቼ ገድሎ ያውቃል!» አለችኝ።

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ነቀልኩት። ሥሩ አብዛኛው ቡናማ ሆኖ እጄ ላይ ይሟሽሻል። የበሰበሰውን በምላጭ ቆርጬ ነጩን ብቻ አስቀረሁ፤ የጣሳውን ቂጥ በሚስማር በሳሳሁት፤ ከወንዝ ዳር ያመጣሁትን አሸዋ ከደረቅ አፈር ቀላቅዬ መልሼ ተከልኩት። አፈሩ እስኪደርቅ ጠብታ እንዳታስነካው አስምያት ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ከጣሳው ሥር የወጣው ውሃ ወለሉ ላይ ተኝቷል።

እናት ላይ አይጮህም፤ ጮህኩባት። «ለምንድን ነው የማትሰሚኝ?»

እናቴ ጣሳውን እያየች በቀስታ፣ «እዚያ ቆላ ውሃ የለም ይላሉ እኮ» አለችኝ።

ስለ አበባው እንዳልሆነ ገባኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም የምናደድበት ሰው አጥቼ ባሰብኝ። እንደገና ነቀልኩ፣ ቆረጥኩ፣ ተከልኩ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሲጨንቃት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ ከመስኮቱ ፊት ትቀመጥ ጀመር፤ እጇ ሰርቋት እንዳታጠጣው ነው። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትመለስ ከዚያ ከጠቆረ ግንድ ላይ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ብቅ አለች፤ ጥቅምት ላይ አበበ።

የጌታሁን መርዶ የመጣው አበባው መስኮቱን ሞልቶ ሳለ ነው። ለቅሶው ካለፈ በኋላ እናቴ ወደዚያ መስኮት ማየት ተወች፤ ወታደር የጫነ መኪና ቢያልፍም ቀና አትልም። ወንድሜን ብቻ አይደለም ያጣሁት፤ እንዲያ የምትብሰለሰለዋን፣ እንዲያ የማትሰማኝን እናቴንም ነው። አንድ ቀን አፈሩ መሰነጣጠቁን አይቼ ውሃ በኩባያ ሞልቼ አጠገቧ ቆምኩ።

«እማዬ፣ ደርቋል፤ እባክሽ አጠጪው።»

ኩባያውን አልተቀበለችኝም። «አንቺ አጠጪው፣ ልጄ» አለችኝ፤ «አንቺ ታውቂበታለሽ።»